በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለ የእንጨት ሥራ ቤት የተጠገነልኝ የመኪናዬ የውስጥ ዕቃ

ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ሐረር፣ ወደ ባቢሌና ወደ አዋሽ የምንጓዝበት፣ አልጋ፣ ቁምሳጥንና ትንሽ ማዕድ ቤት የተሠራለት አሮጌ ቶዮታ ኮስተር አለን። የውስጥ ዕቃው በሙሉ ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪና ከሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የተጎዳውም ጠርዙ ነበር። በመተላለፊያው በኩል ጉልበትና ሻንጣ የሚያገኘው የአልጋ ጠርዝ ተላጠ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የቁምሳጥን በር ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ስላበጠ፣ ጣት ሲያርፍበት እንደ ፉርሽካ ይረግፍ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሌላ ሥራ ቤት በካውያ የሚለጠፍ ስስ የጠርዝ መሸፈኛ አድርጎልን ነበር፤ አንድ ወር ሳይሞላው ተገነጠለ። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት፦ የመሸፈኛው ሙጫ በሙቀት ቀልጦ የሚጣበቅ ስለሆነ በሙቀት ይላላል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ በሩ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ ዓመት የሄድኩበት ሳቢያን ያለ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የቀለም ናሙና ከማሳየታቸው በፊት ጠርዙን ሁሉ በእርሳስ ጀርባ እያንኳኩ ሄዱ፤ ድምፁ በታፈነበት ቦታ ሁሉ ምልክት አደረጉ። «አቦ፣ አንዴ ያበጠ ቺፑድ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፤ ሸፍነን ብንሰጥህ ነገ ያሳፍረናል» አሉኝ። እኔ ሥራቸውን ማመን የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

የማጠቢያውን በር ከሥሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው አስወገዱና በምትኩ የዋንዛ ጣውላ በኮላ ገጠሙለት። በሌሎቹ ጠርዞች ላይ የተሸረፈውን ቦታ፣ ኢፖክሲ የሚባለውን ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ ከመጋዝ ዱቄት ጋር አዋሕደው ሞሉት፤ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት አስተካከሉት። ቀጥሎ የመጣው ግን ብዙ ሠራተኞች የሚዘሉት ሥራ ይመስለኛል፦ የተራቆተውን ቺፑድ በቀጠነ ቨርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ወደፊት እርጥበት ቢደርስበት እንኳ በቀላሉ እንዳይመጠው ነው። ከዚያ በኋላ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የፒቪሲ (ፕላስቲክ) መሸፈኛ አመጡ። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ቀብተው፣ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ጠብቀው ለጠፉት፤ ማዕዘኑንም በሞረድ አዙረው አለሰለሱት። ስሱ መሸፈኛ በአንድ ግጭት ተሰንጥቆ ውስጡን ያጋልጣል፤ ወፍራሙ ግን ግጭቱን ራሱ ይሸከማል፣ ማዕዘኑ ከተዞረም በቀላሉ አይሸረፍም።

በመተላለፊያው በኩል ባሉት የአልጋ ጠርዞች ላይ የአሉሚኒየም አንግል አስረዋል፤ የብሎኖቹንም ራስ ወደ ውስጥ አስጠልቀዋል። ማጠቢያው ከቁምሳጥኑ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በሲሊከን ዘግተውታል።

ቅሬታም አለኝ። ሁለት ቀን የተባለው ሥራ አምስት ቀን ወሰደ፤ የመሸፈኛውም ቀለም ከቺፑዱ ይልቅ ትንሽ ነጣ ብሏል። ከዚህ ይበልጥ ያሳሰበኝ የማስቲሹ ሽታ ነው፦ በመኪናው ውስጥ የሚተኛ ቤተሰብ እንዳለ እያወቁ መስኮቶቹን ከፍተን ለጥቂት ቀናት እንድናናፍሰው አልነገሩንም። ልጆቼ የመጀመሪያውን ሌሊት ራስ ምታት ይዟቸው አደሩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነው። በሐረር መንገድ ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ደጋግመን ወጥተን ወርደናል፤ የተገነጠለው ከፊት መስታወቱ አጠገብ ያለው አንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ማስቲሹም ቢሆን ሙቀት ሲበረታበት ይላላልና። ባለሙያው ሳያስከፍሉ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች አጠበቁልኝ። ክፍያውም አዲስ ዕቃ ለማሠራት ከተጠየቅሁት ከግማሽ በታች ነበር።

ወደዚህ ሥራ ቤት የሚሄድ ሰው የማጠቢያውን ቁምሳጥን አስቀድሞ ባዶ አድርጎ፣ ውኃውን ዘግቶ፣ በሩን ከፍቶ ጥቂት ቀን ያድርቀው። እኔ ሳላደርቀው ወስጄው ስለነበር ከአምስቱ ቀን ሁለቱ ያለቁት ቺፑዱ እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው።