የደከመ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ፦ ማስተካከል፣ ሴል ማስቀየር ወይስ አዲስ መግዛት?

ባትሪው እንደ ድሮው አልሄድ ሲል ሦስት አማራጭ አለ። ያለውን ማስተካከል፣ ሴሎቹን፣ ማለትም በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ባትሪዎች፣ በሙሉ ማስቀየር፣ ወይም አዲስ መግዛት። ብዙ ሰው የሚጀምረው ዋጋ ከማወዳደር ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ባትሪው በምን ምክንያት እንደደከመ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የእያንዳንዱን የሴል ረድፍ (ጎን ለጎን የተያያዙ ሴሎች ስብስብ) ቮልቴጅ አስለኩ።

ባለ 36 ቮልት የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ 10 ረድፎች አሉት። ሲሞላ እያንዳንዱ ረድፍ 4.2 ቮልት ስለሚይዝ ድምሩ 42 ይሆናል። ባለ 48ቱ አብዛኛውን ጊዜ 13 ረድፍ ነው፤ ሲሞላ 54.6 ያሳያል። ዘጠኙ ረድፍ 4.1 ላይ ሆነው አንዱ 3.7 ላይ ከቀረ፣ ያ አንዱ ቀድሞ ያልቃል። ያኔ ቢኤምኤስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሌሎቹ ኃይል ሳያልቅ ባትሪውን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ማስተካከል፣ ማለትም ረድፎቹን ወደ እኩል ቮልቴጅ አምጥቶ ማመጣጠን፣ ያዋጣል፤ ርካሹም መንገድ ይሄ ነው። ከተመጣጠነ በኋላ ያው ረድፍ ቶሎ ተመልሶ ከወረደ ግን ሴሉ ራሱ ታሟል።

ሁሉም ረድፎች እኩል ሆነው ርቀቱ ብቻ ካጠረስ? ያ እርጅና ነው። በእርጅና የጠፋውን አቅም የሚመልስ ቻርጀርም ዘዴም የለም። «ጨርሰህ አራግፈህ ሙላው» የሚለው ምክር ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የመጣ ነው፤ ሊቲየምን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። እባካችሁ፣ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየን ሴል «እናስነሳው» የሚላችሁን ባለሙያም አትስሙት። ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግና ሊቀጣጠል ይችላል።

ሴል ማስቀየር ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ከመግዛት ይረክሳል። ቀፎው ይቀራል፣ ሴሉ አዲስ ይሆናል። ጥራቱ ግን ሙሉ በሙሉ በሠሪው እጅ ነው። የሞቱትን ብቻ መርጦ የሚቀይር ካጋጠማችሁ ተዉት፤ አዲስና አሮጌ ሴል መቀላቀል ወይፈንና ሽማግሌ በሬ በአንድ ቀንበር መጥመድ ነው። ሁሉም ሴሎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በካውያ ሳይሆን በስፖት ብየዳ (ነጥብ ብቻ ለቅጽበት በሚያሞቅ ብየዳ) ይያያዙ፤ የካውያ ሙቀት ሴል ያበላሻል። 18650 የሚባለው የተለመደ ሲሊንደር ሴል አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ አይበልጥም፤ 9900 ተብሎ ከተጻፈበት ውሸት ነው። አንዳንድ ብራንዶች ደግሞ ሴሉ ሲነቀል ቢኤምኤሱ ይቆልፋል። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አዲስ ስትገዙ ዋጋውን ለዋት ሰዓት (ባትሪው ለሚይዘው ጠቅላላ ኃይል) አካፍላችሁ አወዳድሩ። 36 ቮልት በ14 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 504 ዋት ሰዓት ነው። ኦሪጅናሉ ውድ ነው፣ ግን ከሞተሩና ከማሳያው ጋር ይግባባል። ሌላ ሠሪ ከመረጣችሁ በዩኤል 2271 ወይም በኢኤን 50604-1 የባትሪ ደህንነት መስፈርት መፈተኑን አረጋግጡ። የተመረተበትን ቀንም እዩ፤ ሊቲየም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል።

እኔ ብሆን፣ ባትሪውና ሞተሩ መረጃ የሚለዋወጡበት የብራንድ ብስክሌት ከሆነ ኦሪጅናሉን እገዛለሁ። ተራ ባትሪ ሆኖ ቀፎው ደህና ከሆነና የሚታመን ሠሪ ካለ፣ ሴሉን በሙሉ አስቀይራለሁ። ያበጠ፣ ውሃ የገባበት ወይም ሳይነካ የሚግል ባትሪ ግን ለማስተካከልም ሆነ ሴሉን ለማስቀየር አይሆንም። ቻርጅ ሳታደርጉት ከቤት አውጡትና አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ አስረክቡት።