ቁስቋም ላይ ላገኘነው ዲያቆን

ጎንደር ለምትሄዱ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ስሙን አልጽፍም፤ «እኔን ተይኝና ስለ እቴጌ ምንትዋብ ጻፊ» ብሎኛል። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሙዚየም የሚያስጎበኝ ዲያቆን ነው።

የሄድነው ከእናቴና ከአስር ዓመት ልጄ ጋር ነው። ጠዋት ፋሲል ግንብን ዞረን ስለነበር ልጄ «ግንብ በቃኝ» ብላ አኩርፋለች። እናቴ ደግሞ ቁስቋምን ሳልሳለም ንቅንቅ አልልም አለች። ባጃጅ ይዘን ወጣን። የመጨረሻዋን ዳገት በእግር ስንያያዛት እናቴ ጉልበቷን ይዛ ቆመች። ዲያቆኑ ከላይ አይቷት ሮጦ ወረደና «አይዞዎት እናቴ፣ ደርሰዋል» ብሎ ክንዷን ያዘ። ገና ስለ ክፍያ ሳያነሳ ዱካ አምጥቶ አስቀመጣት። እኔ በዚህ ብቻ ተሸንፌያለሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሰው የሚመጣው በዋናነት አንድ ነገር ሊያይ ነው፦ መስታወት ያለው ሳጥን፣ ውስጡ የሦስት ሰው አፅም። እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ። ዲያቆኑ የመስታወቱን አቧራ በነጠላው ጫፍ ጠረገና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

እቴጌ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። ባላቸው አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ነገሠ፤ እናትየውም ዘውድ ደፍተው አገር ያስተዳድሩ ጀመር። ይህን ደብርና አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ስሙ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም የመጣ ነው ሲል እናቴ «በዓሏ ኅዳር ስድስት» ብላ ጣልቃ ገባች።

ቀጥላም «አፄ በካፋ ቋራ ላይ ታመው እቴጌ ናቸው አሉ ያስታመሟቸው» አለችው።

«ይባላል እናቴ። ወሬው ያምራል፤ እውነቱን እግዜር ያውቃል» አላት።

በጣም የወደድኩለት ይሄን ነው። ሌላ ቦታ ያጋጠመን አስጎብኚ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ንጉሡ ቁርስ ምን እንደበሉ ሁሉ ነግሮናል።

ልጄ ኩርፊያዋን ረስታ «ለምንድነው ሦስቱም አንድ ላይ የሆኑት?» አለች። ዲያቆኑ ቁጢጥ ብሎ እኩሏ ሆነ። ኢያሱ ከእናቱ ቀድሞ ሞተ፤ ከዚያ የኢያሱ ልጅ ኢዮአስ ነገሠ። የእቴጌ የቋራ ዘመዶችና የምራታቸው የውቢት ዘመዶች በሥልጣን ተጣሉ። የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ለእርዳታ ተጠርተው መጡና በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉት። የእቴጌን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡትም እኒሁ ራስ ሚካኤል ናቸው። «አያትየው ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረው እዚሁ ቀሩ። በ1765 ዓ.ም. አረፉ።» ስለ ዘመነ መሳፍንት ትምህርት ቤት ስሸመድድ እንዲህ የአንድ ቤት ለቅሶ ሆኖ አልታየኝም ነበር።

«ዘውዳቸውስ የት ሄደ?» አለች ልጄ።

«እኔ እንጃ» አላት፣ ሳያቅማማ።

ውጭ ወጥተን የቤተ መንግሥቱን ፍራሽ አሳየን። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩት መስቀሎች አሁንም አሉ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ፈንጣጣ የያዛቸውን የእቴጌ ቤተሰቦች ያከመው እዚህ ነው። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ደብሩን አቃጥሎት ነበርና አሁን ያለው ቤተ ክርስቲያን በኋላ የተሠራ ነው። የእቴጌን መልክ ማየት ከፈለጋችሁ ጣና ላይ ደቅ ደሴት ሂዱ አለን፤ እሳቸው ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል።

ስንለያይ ለእጁ ትንሽ ብር ብሰጠው «ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ጨምሪው» አለኝ። እናቴ ስትመርቀው ግን እምቢ አላለም፤ ጎንበስ ብሎ አሜን እያለ ተቀበለ።

ዲያቆን፣ እግዜር ይስጥልን።

የምትሄዱ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፤ እኛ ቀድመን ደርሰን ጠብቀናል። በር ላይ «እቴጌይቱን በእርጋታ የሚነግረው ዲያቆን» በሉ፣ ያሳዩአችኋል። ባጃጁን ደግሞ እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ። እኛ ለቀነው ዳገቱን በእግራችን ወርደናል፣ እናቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።