የስፖርት መምህር ለምትፈልጉ ትምህርት ቤቶች፦ ምስጋናም ጥቆማም

የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እየፈለገ ከሆነ፣ ወይም ያለው መምህር ኳስ ወርውሮ ጥላ ስር የሚቀመጥ ከሆነ፣ ይቺን አንብቡ።

የኛ ልጆች የሚማሩት ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ትልቋ ልጄ ስትገባ ስፖርት ለስሙ ነበር። አንድ ያረጀ ኳስ፣ ከኋላው የሚግተለተል ክፍል ሙሉ ወንድ፣ ዳር ቆመው የሚያወሩ ሴቶች። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ይሰጣል። አሁን ታናሽ ወንድሟ እዚያው ይማራል፤ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ዱላ ቅብብል፣ የሴቶች ቡድን፣ ክፍል ከክፍል ውድድር፣ ምኑ ቅጡ! በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ብዙውን የለፉት አንድ ሰው ናቸው። ልጆቹ «ኮች» ይሏቸዋል፣ እኛም ለምደናል።

ኮች ሲመጡ ቡድን አላቋቋሙም። ጎበዝ ጎበዙን መርጦ ማሊያ ማልበስና ከዋንጫ ጋር ፎቶ መነሳት ይቀላል። እሳቸው ከታች ክፍሎች ጀመሩ፦ መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወር፣ መቅለብ። የመረብ ኳስ መረብ ለአዋቂ ወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። ኮች ለትንንሾቹ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ገመድ ያስራሉ፤ ኳሱ አንዴ መሬት ቢነጥርም ይፈቅዳሉ። የእግር ኳሱን ሜዳ በኖራ ከፋፍለው አራት ለአራት ያጫውታሉ። ኳስ ሳይነካ የሚወጣ ልጅ የለም።

የሴቶቹ ችግር ደግሞ የፍላጎት ማጣት አልነበረም፣ ቀሚስ ነበር። ኮች ቢሮ ገብተው ቱታ አስፈቀዱላቸው። በቃ፣ ሜዳው ሞላ።

መጀመሪያ ላይ የተከራከሩ ወላጆች ነበሩ። «ልጆቻችንን የላክነው ቃሉን እንዲማሩ ነው፣ ኳስ እንዲያባርሩ አይደለም፤ ጳውሎስም ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል ነው ያለው» አሉ። ኮች ሳቁና «እኔም የጠየቅኳችሁ ያንኑ ጥቂቱን ነው» ብለው መለሱ። ከዚያ ቅርጫት ኳስ ከየት እንደመጣ ነገሩን። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠረው አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ ነው፤ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ለተሰላቹ ተማሪዎች የኮክ ቅርጫት ሰቅሎና 13 ደንቦች ጽፎ። መረብ ኳስንም በ1895 የጀመረው የዚያው የወወክማ ሰው ዊልያም ሞርጋን ነው። ስብሰባው ላይ ከዚህ በኋላ የተናገረ አልነበረም።

የእሁድም ጉዳይ ነበር። አንድ ጊዜ ጨዋታችን እሁድ ጠዋት ላይ ወጣ፣ ኮችም አንገባም አሉ። ልጆቹ አኮረፉ። እሳቸውም የስኮትላንዳዊውን ሯጭ የኤሪክ ሊድልን ታሪክ አነሱላቸው፦ በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሁድ ስለዋለ ቀረ፣ 400 ሜትሩን ግን በ47.6 ሰከንድ ሮጦ ወርቅ ወሰደ። ይህን ልጆቹም ሰምተውታል። ኮች የሚወዱት ቀጥሎ ያለውን ነው፤ በማግስቱ ዓመት ቻይና ሄዶ ቲየንጂን ውስጥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳይንስና ስፖርት አስተማረ። (እኛ በፎርፌ ተሸነፍን። ወርቅም አልመጣም።)

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ምርጡ አጥቂያችን ከተከላካይ ጋር በጭንቅላት ተጋጨ። ተነሳና «ደህና ነኝ» አለ፣ ግን ሲራመድ ትንሽ ይወላገዳል። ኮች ወዲያው ቀየሩት። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፣ አለቀ። አባትየው እየሮጠ መጥቶ «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!» ሲል፣ «ጭንቅላቱ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ እሺ እል ነበር» አሉት። ተሸነፍን። ልጁ ሐኪም አየው፣ አረፈ፣ ቀስ በቀስ ወደ ልምምድ ተመለሰ።

ሰው ናቸውና እንከን አያጡም። ሰዓት ላይ ድርቅ ይላሉ። በልምምድ ሰዓት ስልክ አያነሱም፣ ርዕሰ መምህሩ ቢደውሉም። ከዳር ሆኖ ልጁን የሚያሰለጥን ወላጅ ካዩ ደግሞ ጨዋታውን አስቁመው ፊሽካውን ሊሰጡት ይመጣሉ፤ ይህን እንኳ እኔ ወድጄላቸዋለሁ።

ኮች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሌሎች ትምህርት ቤቶችን መምህራንም ያግዛሉ። በተለይ ሰፊ ሜዳና በቂ ዕቃ ለሌላችሁ እሳቸውን የሚያህል አላውቅም፣ ራሳቸው የጀመሩት ከባዶ ነውና። ስሜ በአደባባይ አይጻፍ ስላሉ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን የሜዳችሁን ርዝመትና ወርድ ለክታችሁ፣ በየክፍሉ ስንት ልጅ እንዳለ ጽፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።