ላፕቶፕ ከአፕዴት በኋላ ሲንቀራፈፍ፦ ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስ ወይስ ድራይቨሩን እንደገና መጫን?

ትናንት ደህና የነበረ የሊኑክስ ላፕቶፕ ዛሬ አንድ መስኮት ለመክፈት ካቃሰተ፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን (የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ጠርጥሩ፤ አፕዴቱ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሲቀይር ድራይቨሩ ከአዲሱ ጋር ላይሄድ ይችላል። በሲስተም መረጃው ላይ በካርዱ ስም ፋንታ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ከታየ፣ ስዕሉን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። የፋኑ ጩኸትም ከዚሁ ይመጣል።

ጊዜ፦
ቀድሞው ከርነል፦ ደቂቃዎች። ላፕቶፑ ሲነሳ ከግረብ (ሲስተሙን ከሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜኑ መምረጥ ብቻ ነው።
ድራይቨር፦ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይፈልጋል።

አደጋ፦
ቀድሞው ከርነል፦ የለውም ማለት ይቻላል። ካልሠራ መልሶ ማስነሳት ነው።
ድራይቨር፦ መሃል ላይ ከተቋረጠ ጥቁር ስክሪን ሊያስከትል ይችላል። በተለይ ከካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ድረ ገጽ የወረደ ፋይልን በዲስትሮው (እንደ ኡቡንቱ ያለው የሊኑክስ ዓይነታችሁ) ፓኬጅ ላይ መደረብ ጣጣው ብዙ ነው፤ በፍጹም አልመክርም። ከዲስትሮው ማከማቻ ጫኑ።

ዘላቂነት፦ እዚህ ድራይቨሩ ይበልጣል። የኤንቪዲያ ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚገባው የድራይቨሩ ክፍል) ለእያንዳንዱ ከርነል መገንባት አለበት። ብዙ ጊዜ ይህን ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ራሱ ይሠራል፤ የአዲሱ ከርነል ሄደሮች (ሞጁሉን ለመገንባት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ከሌሉ ግን ይከሽፋል። ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ የሶፍትዌርን ፊርማ የሚፈትሸው የደህንነት ቅንብር) ከበራ ደግሞ ያልተፈረመ ሞጁል አይገባም። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ሁለቱን አጣሩ። አሮጌ ከርነል ላይ መክረም ግን የደህንነት ጥገናዎችን ያስቀራል።

ነገ የምታስረክቡት ሥራ ካለ ቀድሞውን ከርነል ምረጡ። ካርዱ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነም እንዲሁ፤ ድራይቨራቸው ከከርነሉ ጋር ስለሚመጣ ለብቻው የሚጫን ነገር እምብዛም የለም። ካርዱ ኤንቪዲያ ሆኖ ጊዜ ካላችሁ፣ ፋይላችሁን ባክአፕ አድርጉና ድራይቨሩን ጫኑ።