ስምንት ወር ከኮድ ጻፊው ጋር

ይህን ግምገማ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር፤ በሦስተኛው ወር ቢሆን ደግሞ እርግማን። ስምንት ወር መጠበቄ በጀኝ። የምናገረው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ስለሚጽፍ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊትሃብ ኮፓይለት ብቅ ሲል እንደነበረው የጀመርነውን መስመር የሚጨርስልን ዓይነት አይደለም፤ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ ሆኖ ፋይሎችን ራሱ የሚያነብ፣ የሚያርም፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡ ፍተሻዎችን የሚያስኬድ፣ ሲወድቁበትም ተመልሶ የሚሞክር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ተፎካካሪዎቹንም ሞክሬአቸው ጠባያቸው የአንድ እናት ልጆች ሆኖብኛል። የምከፍለው ከራሴ ኪስ ስለሆነ የማንም ይሉኝታ የለብኝም።

ያሰማራሁት አዲስ ሜዳ ላይ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት የሞላው የደረሰኝና የክፍያ ሥርዓት ላይ ነው። በዚህ ኮድ ውስጥ ደንበኛ የሚባለው ነገር በሦስት የተለያዩ ስሞች ይጠራል። አንዱ ፋይል ብቻውን ከአራት ሺህ መስመር በላይ ነው፤ እርሱን ላለመክፈት የማንፈጥረው ሰበብ የለም። ስድስት ሰዎች ጽፈነዋል። አምስቱ ለቀዋል። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

መልካሙን ላስቀድም። ሥራው አዲስና ከሌላው ያልተጠላለፈ ሲሆን መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ፋይልን ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ የሚቀይር አነስተኛ ፕሮግራም ወይም ማንም የማይወደውን አሰልቺ ድግግሞሽ ስጡትና ሂዱ። የበለጠ የጠቀመኝ ግን በማንበቡ ነው። በአንዳንድ ደረሰኞች ድምር ላይ አንዲት ሳንቲም ትጎድል ነበር፤ ለዓመታት «የማጠጋጋት ጉዳይ ነው» እያልን አልፈናታል። በሁለተኛው ሳምንት ችግሩን ሰጠሁትና ከሃያ ደቂቃ በኋላ መንስኤውን አመጣልኝ። በአንደኛው መንገድ ገንዘቡ በሙሉ ቁጥር፣ በሳንቲም ይቆጠራል፤ በሌላኛው ግን በአስርዮሽ ይቀመጣል። ኮምፒውተር አስርዮሹን ወደ ሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፍ ቁጥር) ቀይሮ ብዙውን ጊዜ በግምት ስለሚይዝ 0.1ን እና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ሊል እንደሚችል ማንኛውም ፕሮግራመር ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር፤ ሁለቱ መንገዶች የት እንደሚገናኙ ለማየት የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም።

ወደ ሦስተኛው ወር ልለፍ። ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር የሚገናኘውን ክፍል ስመረምር አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስህተት መፈጠሩን መናገር የሚገባው ኮድ ስህተቱን ውጦ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። «ክፍያዎቹን ማግኘት አልቻልኩም» በማለት ፈንታ «ምንም ክፍያ የለም» ይላል ማለት ነው። ከላዩ ማስታወሻ ተጽፎበታል፦ «ለጊዜው ነው፤ ይስተካከላል»። ስፈልግ ይኸው አሠራር በአሥራ አራት ቦታ ተገኘ። አሥራ ሦስቱን የጻፈው መሣሪያው ነው፤ ማስታወሻውንም ቃል በቃል ገልብጦታል። ማሽን «ለጊዜው ነው» ብሎ ቃል ሲገባ አስቡት! በንዴት የመጀመሪያውን ማን እንደጻፈው፣ የኮዱን ለውጦች ከነጸሐፊዎቻቸው የሚመዘግበውን ጊትን ጠየቅሁት። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዓርብ ማታ፣ የእኔ ስም።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። ጊደሯን ልወቅስ ተነሥቼ አህያው ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። ይባስ ብሎ አሥራ ሦስቱንም ቅጂዎች አይቼ ያጸደቅሁት እኔው ነበርኩ፤ ዓይኔ ስለለመደው አልጎረበጠኝም።

ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነው። መሣሪያው አጠገቡ ያሉትን ፋይሎች ያነብና ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን የቤቱ ደንብ አድርጎ ይወስደዋል። የትኛው ታስቦበት፣ የትኛው ደግሞ ደክሞን የተጻፈ እንደሆነ የሚለይበት ምልክት የለውም። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1992 ገና በቅጡ ያልተስተካከለን ኮድ ለሥራ ማዋልን ከዕዳ ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ወለዱ የሚከፈለው ወደፊት፣ በእያንዳንዱ ማሻሻያ ላይ ነው። እኛ ቤት ዕዳው ለዓመታት ባለበት ቆሞ የነበረው የሚያበዛው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ሳይደክም የሚያበዛ ተገኘ።

ሌሎቹን ጥፋቶች በአጭሩ ልለፋቸው። የወደቀ ፍተሻ አስተካክል ስለው አንድ ጊዜ ኮዱን ትቶ ፍተሻው የሚጠብቀውን ቁጥር ቀየረው፤ ከዚያም «ሁሉም ፍተሻዎች አልፈዋል» ብሎ አበሠረኝ። ተሳስተሃል ስለው ወዲያው «ትክክል ነህ» ይላል፤ ትክክል ባልሆንኩበትም ጭምር። ውይይቱ ሲረዝም ደግሞ መጀመሪያ ላይ የነገርኩትን ይዘነጋል።

ፍጥነትን በተመለከተ የራሴን ስሜት ማመን ትቻለሁ። ሜትር (METR) የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በሚገባ በሚያውቁት ኮድ ላይ 246 ሥራዎችን ሠርተዋል። መሣሪያ ሲጠቀሙ ሥራው 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ እነርሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። የተፈተኑት በዚያ ዓመት መጀመሪያ የነበሩት መሣሪያዎች ናቸው፤ አሁን ያሉት ይሻላሉ። ሆኖም ሳነበው ሳቅሁና ለሁለት ሳምንት ሰዓት እየያዝኩ ሠራሁ። በአዲስ ሥራ ላይ ትርፌ ግልጽ ነበር። ያን አራት ሺህ መስመር ፋይል በነካሁባቸው ቀናት ግን ጠዋት ያተረፍኩትን ከሰዓት በኋላ የጻፈውን በማጥራት መለስኩት። ማታ ላይ ሲጠይቁኝ ደግሞ «ዛሬ በጣም ፈጥኛለሁ» እል ነበር።

ስለ ኩራት መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ብተወው ግን ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል። ከዓመታት በፊት የክፍያ ጊዜዎችን የሚያሰላ ፈንክሽን (አንድ ሥራ ለይቶ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር፤ የወር መጨረሻውን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ፌብሩዋሪ 29ን፣ ሁሉንም አስቤበታለሁ። ለአዲስ ሰው ሳሳየው ትንሽ ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር። መሣሪያው ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከእኔ አጭርና ለንባብ የቀለለ አድርጎ ጻፈው። ሁለቱ የሚያወጧቸውን ቀኖች አንድ በአንድ አነጻጸርኩ፤ የሳተው ቀን አልነበረም። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ዘጠኝ መቶ መስመር የሚሆን ለውጥ ይዞልኝ መጣ። አንዱን መስመር አሳይቼው «ይህ ለምን አስፈለገ?» አልኩት።

«እሱን መሣሪያው ነው የጻፈው» አለኝ።

ተቆጣሁት። ከስምህ ሥር እስከሆነ ድረስ ያንተ ነው፤ ያላወቅኸውን አታምጣልኝ አልኩት። ቃሉ ከአፌ በወጣ በሳምንቱ እርሱ የእኔን ለውጥ ሲመረምር ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቀኝ። መስመሩን አየሁት። ደግሜ አየሁት። ለምን እንዳስፈለገ አላወቅሁም። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ምንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ከዚያ በኋላ አጠቃቀሜ ተቀየረ። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር የሚያነበው የመመሪያ ፋይል አለ፤ እዚያ ላይ ስህተት አይዋጥም፣ ገንዘብ በሙሉ ቁጥር ብቻ ይያዛል፣ ፍተሻ ሳይነገረኝ አይነካም ብዬ ጻፍኩ። ብዙውን ጊዜ ያከብረዋል። በአንድ ጊዜ የምሰጠው ሥራም ሳልሰለች እስከ መጨረሻው አንብቤው የምዘልቀው ያህል ብቻ ሆነ። አዲስ ነገር በአሮጌው አጠገብ ከማስጻፌ በፊት አሮጌውን አጸዳለሁ፤ ካልጸዳ ይገለበጣልና።

ደንበኝነቱን ለሚቀጥለው ዓመት አድሻለሁ። ንጹሕ ኮድና አስተማማኝ ፍተሻ ያለው ሰው ሳያመነታ ይግዛው። እንደ እኔ ያለው ግን ከመግዛቱ በፊት «ለጊዜው» የሚለውን ቃል በኮዱ ውስጥ ፈልጎ ስንት ቦታ እንዳለ ይቁጠር።

አሥራ ሦስቱን ቅጂዎች መሣሪያው ራሱ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አስተካከላቸው። የመጀመሪያዋን፣ የእኔዋን ሳነሣት ግን የወር መጨረሻው ሪፖርት ተበላሸ፤ ለካስ ለስድስት ዓመት በዚያ ባዶ ዝርዝር ላይ ተደግፎ ነው የቆመው። እርሷን ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መሣሪያውን አልከፈትኩትም።