የቆየ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ከሐዋሳ ሱቅ ስገዛ

ሱቁ ፒያሳ አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቅሬታም አለኝና። ከውጭ የገባ መጠጥ ይሸጣል። ፊት ለፊት ውስኪው ተደርድሯል፣ ቀጥሎ ቮድካና ጂን፣ ወይኑ ወደ ጓዳ በኩል። ከፋሲካ ወዲህ አራት ጠርሙስ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ከዚያ ገዝቼ ከፍቻለሁ፤ አራቱም ቆየት ያሉ። ሁለቱ አንጀቴን አራሱት። አንዱ እንደነገሩ ነው። አንዱ ደግሞ ሳይከፈት የሞተ ነበር።

«ነጭ ወይን ምን ሲደረግ ይቆያል? የሚቆየው ቀዩ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ያስተማረኝ ቆጠራ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሂሳብ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር ስቶር ገብተን እንቆጥራለን። እነዚያው ስድስት የነጭ ወይን ጠርሙሶች ከሩዙ ማዳበሪያ ጀርባ፣ በካርቶናቸው እንደተኙ ይጠብቁኛል። ማንም አያዝዛቸውም። አምስተኛው ዓመት ላይ ሥራ አስኪያጁ ታከተውና «ከመዝገብ ይውጡ» አለ። ሁለቱን ለኔ ሰጠኝ። በቃ፣ የሚጣል ነገር መስሎኝ ነው ቤት ወስጄ የከፈትኩት።

ሰም ሸተተኝ። አጎቴ ይርጋለም ላይ ንብ ያረባ ነበር፤ ቀፎ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እሱው ነው። ጠርሙሱ ላይ ቩቭሬ ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው ይህን ጽሑፍ ነው።

አንድ ነገር ልብ አድርጉ። እኛ ከተማ ያረጀ ነጭ ወይን የሚገኘው አስቦ ያስቀመጠው ሰው ኖሮ አይደለም። ስላልተሸጠ ነው። ስለዚህ ወይኑን ብቻ አይደለም የምትገዙት፣ የቆመበትንም ቦታ ነው። ቩቭሬ ፈረንሳይ ውስጥ የሎዋር ወንዝ ዳር ያለች፣ ቱር ለምትባለው ከተማ የምትቀርብ አነስተኛ ስፍራ ናት። እዚያ ወይን የሚያስቀምጡት ኮረብታው ውስጥ፣ ለስላሳውን ድንጋይ ፈልፍለው በሠሩት ዋሻ ነው። ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜው ብዙም አይለዋወጥም። እዚህ ደግሞ ባለሱቁ ማታ ሲዘጋ ኤሲውን ያጠፋል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሐዋሳ እንዴት እንደምትሞቅ ለናንተ አልነግራችሁም።

ወደ መጀመሪያው ግዢ ልመለስ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከውሃ ካርቶን ጀርባ፣ ሦስት ቩቭሬ አገኘሁ። 2014 ይላል። ልጁን «ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት።

«አዲስ ነው እናቴ። 2014፣ ገና የሦስት ዓመት ነው።»

ልጁ የቆጠረው በእኛ ነው! የጠርሙሱ 2014 የፈረንጆቹ ነው። ወይኑ የተለቀመው እኛ አደይ አበባ ይዘን 2007ን ስንቀበል፣ ወይ ትንሽ ቆይቶ ነው። አሥር ዓመት ሞልቶታል። ይህን ልንገረው አልንገረው ብዬ ትንሽ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ነገርኩት። ሳቀና «እንግዲያው ቅናሽ ላድርግልሽ፣ አርጅቷል» አለኝ። ከ4,800 ብር 300 ቀነሰልኝ። ሌላ አገር ዕድሜው ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል፤ እኛ ጋ እንዲህ ነው።

እሁድ ከአሞራ ገደል የተገፈፈ ቆሮሶ ዓሣ አስመጣሁ። ዘይት ውስጥ ጥብስ፣ ከጎኑ ዳጣ። መክፈቻውን ሰክቼ ስስብ ቡሹ ለሁለት ተሰበረ። ያረጀ ቡሽ እንዲህ ነው፤ አትደንግጡ። የቀረውን በማንኪያ እጀታ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁትና ወይኑን በሻይ ማጥለያ ወደ ጆግ ገለበጥኩት። ቀለሙ እንደ ነጭ ማር ሳይሆን እንደ ቢጫው፣ ግን ጥርት ያለ። መጀመሪያ ያው ሰም፣ ከዚያ ማር፣ ከዚያ የደረቀ ነገር፣ የሣር ዓይነት። አፍ ላይ ጣፈጥ ይላል፤ ደሚ ሴክ የሚሉት፣ ግማሽ ጣፋጭ ነው። ግን ከሥሩ እንደ ሎሚ የሚቆነጥጥ ኮምጣጣነት አለው። ወይኑን አሥር ዓመት ያቆመው ይኸው ነው። ሼናን ብላን የሚባለው የወይን ዘር ኮምጣጣነቱ ጠንካራ ስለሆነ ዕድሜ ይችላል። ከዳጣው ጋር ደግሞ! ቃሪያው ምላስ ሲያቃጥል የወይኑ ጣፋጭ ያበርደዋል። ሳላውቀው ሦስተኛ ዓሣ ላይ ደርሼ ነበር።

ሁለተኛው አልዛስ ከሚባለው የፈረንሳይ ክፍል የመጣ፣ ሪስሊንግ ከሚባለው የወይን ዘር የተሠራ ነው፣ 2012። ጠርሙሱ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ይህን የከፈትኩት ጎረቤቴ ጋሼ ባሉበት ነው። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የቦቴ ሹፌር ነበሩ። ብርጭቆውን አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው ወዲያው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ላምባ ነው።»

«ጋሼ፣ ወይን ነው።»

«ናፍጣ ብልሽ ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር። ይሄ ግን ላምባ ነው። ሠላሳ ዓመት ጭኜዋለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ያረጀ ሪስሊንግ የኩራዝ ሽታ ያመጣል። ብልሽት አይደለም፣ የዘሩ ጠባይ ነው። ፍሬው ፀሐይ በደንብ ሲያገኘው ይብሳል፣ ጠርሙሱ ሞቅ ያለ ቦታ ሲቀመጥም ይፈጥናል። የኛው ሱቅ ሳያፋጥነው አልቀረም። ከላምባው ጀርባ ግን የሎሚ ልጣጭ አለ፣ ደረቅ ያለና ንጹሕ። ከፍሪጅ አውጥቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ካቆየሁት በኋላ ነው ይሄ ሁሉ የተገለጠው። በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይደበቃል። ጋሼም «ለላምባ መጥፎ አይደለም» እያሉ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

ሦስተኛው ቦርዶ ከሚባለው የፈረንሳይ ክፍል የመጣ፣ ሶቪኞ ብላን ከሚባለው ዘር የተሠራ። ይጠጣል። ደክሟል። ርካሹ ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያውኑም እንዲቆይ አልተሠራም፤ ጥፋቱ የገዢዋ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሻብሊ 2015፣ 6,200 ብር። ሻብሊ ሻርዶኔ ከሚባለው ዘር የሚሠራ፣ ቡርጎኝ የሚባለው የፈረንሳይ ክፍል ሰሜን ወይን ነው። ዘሩ እንግዳ አይደለም፤ መንገዳችን ላይ ዝዋይ ያለው የካስቴል ወይን ፋብሪካም ከሻርዶኔ ይሠራል። በደንብ የተያዘ ሻብሊ አሥር ዓመት ላይ ሊያምር ይችላል። ይሄኛው ግን የቆመው መስኮቱ ጋ ነበር፣ ለዕይታ። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ በቀጥታ ታርፍበታለች። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ባጃጅ አስቁሜ ስለነበር ሳላይ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ የስልኬን መብራት ከጠርሙሱ ኋላ ሳበራ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ሆኖ አገኘሁት። በቡሹና በወይኑ መሀል ያለው ክፍተት ከሁለት ጣት በላይ ነው። ስከፍተው የተቆረጠ ፖም ጠረጴዛ ላይ ውሎ ሲጠቁር የሚሸተው ዓይነት። ጣዕም የለውም፣ መራራ ውሃ።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ባለቤቱ ነበር። «የተከፈተ መጠጥ አይመለስም» አለ፤ ደጋግሞ። ሳይከፈት ደግሞ መበላሸቱ እንዴት ይታወቃል? ደረሰኙን አሳየሁት፣ መስኮቱን አሳየሁት፣ ምንም። ለሐቁ ግን ሁሉንም በሱ ላይ አልደፈድፍም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የቡርጎኝ ነጭ ወይኖች አንዳንዴ ያለ ዕድሜያቸው ይጠቁራሉ። አውሮፓ ውስጥ በጥሩ ምድር ቤት የተቀመጡትም ሳይቀሩ። ቢሆንም የ6,200 ብር ዕቃ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በርበሬ አይደለም።

ታዲያ ተመልሼ እገዛለሁ ወይ? አዎ፣ ገዝቻለሁም። አሁን ግን ጠርሙስ ከመስኮትና ከአምፖል ሥር አላነሳም። መብራት አስደግፌ ቀለሙን ሳላይ፣ ክፍተቱን ሳልለካ ብር አላወጣም። ቡሹ ከአፉ ወጣ ብሎ ከገፋ ወይም ከሥሩ ወይን ካንጠባጠበ ሙቀት አግኝቶታል ማለት ነው፤ ትቼው እሄዳለሁ። ታች ላይ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ዝቃጭ ካየሁ ግን አልፈራም፤ የወይኑ የራሱ ጨው ነው፣ አይጎዳም። ዋጋውንም ቢሆን አያለሁ። አዲስ የገባው ዶላሩን ተከትሎ ሲሰቀል፣ የቆየው ላይ ያለው ተለጣፊ ብዙ ጊዜ ሳይቀየር ይቀራል።

ልጁን ጠርሙሶቹን አስተኝልኝ ብየው ነበር። «ቦታ የለም እናቴ» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ግን ሻብሊዎቹ ከመስኮቱ ተነስተው በምትካቸው ውስኪ ቆሟል። ማን እንዳነሳቸው አልጠየቅኩም። ሁለተኛውን ቩቭሬ ገዝቼ ወጣሁ። አንድ ቀርቷል። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ከውሃው ካርቶን ጀርባ። ደመወዝ እስኪወጣ ውሃው ባይሸጥ ደስ ይለኛል።