ኤምኪው-6 የጋዝ ሴንሰር በአዲስ አበባ ማድ ቤት፦ ከበጋ እስከ ክረምት የሰጠው አገልግሎት

ኤምኪው-6 የተባለውን የቡታጋዝ ሴንሰር በጥር ወር ገዝቼ ከአንድ አነስተኛ የአርዱይኖ ሰሌዳ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ) እና ከማስጠንቀቂያ ደወል ጋር አገናኘሁት፤ ከዚያም በማድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ቡቴን ከአየሩ 1.8 በመቶ ሲሞላ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ሴንሰሩ ግን ከ0.03 እስከ 1 በመቶ ባለው መጠን ስለሚሠራ፣ ደወሉን ከአደገኛው መጠን አንድ አሥረኛ ገደማ ላይ እንዲጮኽ አድርጌዋለሁ።

ዕቃው ባለፉት ወራት ያሳየውን ጠባይ ለመረዳት በውስጡ የሚካሄደውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በወንፊት የተሸፈነው ክፍል በቲን ዳይኦክሳይድ (የቆርቆሮና የኦክስጅን ውህድ) ቅንጣቶች የተቀባ ትንሽ የሴራሚክ ቱቦ ሲይዝ፣ በቱቦው ውስጥ ማሞቂያ ሽቦ አለ። ቲን ዳይኦክሳይድ በክሪስታሉ ውስጥ አንዳንድ የኦክስጅን አተሞች ስለሚጎድሉት የተወሰኑ ነጻ ኤሌክትሮኖች ይኖሩታል። ገጹ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ግለት ሲሞቅ፣ ከአየር የመጣ ኦክስጅን በላዩ ላይ ይለጠፍና ከእያንዳንዱ ቅንጣት ኤሌክትሮን እየነጠቀ አሉታዊ ሙል ይይዛል። በዚህ ጊዜ ከገጹ ሥር ኤሌክትሮን የጎደለበት ስስ ንብርብር ስለሚፈጠር፣ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት የሚሻገረው ኤሌክትሪክ መሰናክል ይገጥመዋል፤ ሬዚስታንሱም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ከፍ ይላል። ቡታጋዝ ሲደርስ ገጹ እንደ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ሆኖ ጋዙን ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ያቃጥለዋል፤ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖችም ወደ ቅንጣቱ ይመለሳሉ። አንድ የቡቴን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 13 የኦክስጅን አዮኖችን (ኤሌክትሮን የነጠቁ አተሞችን) ስለሚወስድ 13 ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያወጣል። ጥቂት ጋዝ ሬዚስታንሱን ያን ያህል የሚያወርደው ስለዚህ ነው። ስሱነቱ ቅንጣቶቹ ባነሱ ቁጥር ይጨምራል፤ በተለይ ስፋታቸው ከ6 ናኖ ሜትር በታች ሲሆን የጎደለው ንብርብር መላ ቅንጣቱን ስለሚያዳርስ ለውጡ እጅግ ያይላል። ይህን መንገድ በ1962 የጃፓኑ የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት ሴያማ በዚንክ ኦክሳይድ አሳዩ፤ ሌላው ጃፓናዊ የፈጠራ ሰው ታጉቺም በዚያው ዓመት በቲን ዳይኦክሳይድ ለሚሠራ ሴንሰር የፈጠራ መብት ጠየቁ። በጣም የሚያስደስተኝ፣ በርካሽ የሚሸጥ ዕቃ በኦክሳይድ ገጽ ላይ የሚካሄደውን የኤሌክትሮን ልውውጥ በቤቴ እንዳይ ማስቻሉ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ ትልቁ ፈተና የመብራት መጥፋት ነው። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ በገጹ ላይ የውሃ ተንና ሌላ ትነት ይከማቻል፤ መብራት ተመልሶ ማሞቂያው ሲጀምር ምንም ጋዝ ባይኖርም ሬዚስታንሱ በድንገት ይወርድና ኦክስጅን በገጹ ላይ እንደገና ሲደላደል ቀስ በቀስ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደወሉ መብራት በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን ያስደነግጥ ስለነበር፣ ማሞቂያው ከጀመረ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም እንዲል ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ይህ ግን ጥበቃ የሌለበት ጊዜ ስለሚፈጥር፣ እውነተኛው መፍትሔ መጠባበቂያ ባትሪ ነው። ማሞቂያው የሚወስደው ሦስት አራተኛ ዋት ገደማ በመሆኑ ወርኃዊ ፍጆታው ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ እሱን ለመቆጠብ ብሎ ማጥፋት የሚያዋጣ አይደለም። አዲስ ሴንሰር ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞቅ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም።

ክረምቱ ሲገባ በንጹሕ አየር የሚለካው ሬዚስታንስ ከበጋው በግልጽ ዝቅ አለ። የውሃ ሞለኪውሎች በገጹ ላይ ተሰንጥቀው ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምረት) ስለሚሆኑ፣ ኦክስጅን የሚለጠፍበትን ቦታ ይሻማሉ፤ ኤሌክትሮኖችም በቅንጣቱ ውስጥ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ደወሉ በዝናብ ወራት ፈጥኖ፣ በደረቅ ወራት ደግሞ ዘግይቶ ይጮኻል። የማስጠንቀቂያውን ወሰን በበጋ መወሰን ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ በሐምሌ የተስተካከለ ደወል በታኅሣሥ ብዙ ጋዝ እስኪከማች ሊጠብቅ ይችላል። በአምራቹ መግለጫ ላይ ያለው ልኬት በ20 ዲግሪና በ65 በመቶ እርጥበት የተወሰደ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ኤሌክትሮን የሚነጥቀውም ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ስለሆነም መነሻውን ቁጥር ከወረቀት መገልበጥ አይበቃም፤ መስኮት ከፍቶ በራስ ቤት መለካት ይገባል።

ሴንሰሩ የጋዙን ማንነት አይለይም፤ የሚያውቀው የተመለሱትን ኤሌክትሮኖች ብዛት ብቻ ነው። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ ሬዚስታንሱ በመጠኑ ዝቅ ይላል፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ግን ከእርጥበቱ ውጭ ብዙም አይነካው። አረቄ በአጠገቡ ሲቀዳና የእጅ ማጽጃ አልኮል ሲረጭ ደወሉ ጮኾ ያውቃል፤ አልኮልም በዚያው ገጽ ላይ ስለሚቃጠል ይህን እንደ ብልሽት አልቆጥረውም። በየወሩ ሳይለኮስ ከላይተር ጥቂት ጋዝ እለቅበታለሁ፤ እስካሁን በሰከንዶች ውስጥ ምላሽ ሰጥቷል፤ አየሩ ከጠራ በኋላም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጠላቱ ሲሊኮን ነው። የመስኮትና የመታጠቢያ ሲሊኮን ማጣበቂያ፣ እንዲሁም አንዳንድ የፀጉር ቅባትና የዕቃ ማስወልወያ የሚያወጡት ትነት በሞቀው ገጽ ላይ ሲያርፍ ወደ ሲሊካ (የአሸዋ ዓይነት ጠጣር) ይለወጥና የቲን ዳይኦክሳይዱን ቅንጣቶች ይሸፍናል። ኦክስጅን በመሞቅ ይመለሳል፣ ውሃም ይተናል፤ ሲሊካ ግን አይነሣም። ማድ ቤቱ በሚታደስበት ሰሞን ሴንሰሩን ነቅዬ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጤ ይህን በማሰብ ነበር።

ቡታጋዝ ለሚጠቀም ቤተሰብ፣ ባትሪ እስካለውና በየወሩ እስከተፈተሸ ድረስ፣ ኤምኪው-6ን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚያነድ ሰው ግን በዚህ ሴንሰር ተማምኖ እንዳይተኛ አደራ እላለሁ፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ያለው ምላሽ ደካማ ነው። ለዚያ የተሠራው ኤምኪው-7 ለ60 ሰከንድ በ5 ቮልት ይሞቅና ገጹን ያጸዳል፤ ከዚያም ለ90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት ቀዝቀዝ ብሎ ይለካል። ስለዚህ ሁለቱ ጋዞች በሚያሰጉበት ቤት ሁለቱንም ሴንሰሮች መትከል የግድ ነው።